ዛንዚባር፦ ለአንድ ቀን ባሕር የቱ ይሻላል? ፉምባ ወይስ ናኩፔንዳ?

የሠርግ ወራት ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። ሙሽሮቹ ቲኬት ቆርጠዋል፤ ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «አንድ ቀን ባሕር ላይ ውለን፣ ዓሣ በልተን የምንመለስበት የቱ ይሻላል?» ለእያንዳንዱ ድምፅ ቀድቶ መላክ ሰለቸኝ። እኔ የምመርጠው ከፉምባ መንደር የሚነሳውን የጀልባ ጉዞ ነው። ዋናውን፣ ሳፋሪ ብሉን ማለቴ ነው፤ ፎርጂዱን አይደለም።

ፎርጂዱን የማውቀው ከፍዬበት ነው። ሳፋሪ ብሉ የአንድ ድርጅት ስም ነው። ስሙ ስለገነነ ግን ደላላው ሁሉ ከፉምባ የምትነሳዋን ጀልባ በሙሉ በዚሁ ስም ይሸጣል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን፣ ባሕር ዳር አንዱ ደላላ ያዘኝ። እዚያ እንዲህ ያሉትን «ፓፓሲ» ይሏቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። 60 ዶላር ብሎ ጀመረ፣ 35 ላይ ተስማማን። 20 ዶላር ቀብድ ሰጠሁ። ዋጋ የሰበርኩ መስሎኝ እየተኩራራሁ ተኛሁ።

ጠዋት ላይ ታክሲው ለብቻ ነው ተባለ፤ 10 ዶላር። የሜናይ ባሕረ ሰላጤ ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ መግቢያ ይከፈላል፤ 5። የመጥለቂያ መነጽር ኪራይ፣ ሌላ 5። ሳላስበው 55 ገባ። መነጽሩ ደግሞ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ማሰሪያው በሲባጎ ተቋጥሯል። ፊቴን ውሃ ውስጥ ከመክተቴ ጨው በአፍንጫዬ ገባ። ኮራሉንም ዓሣውንም ሳላይ ሳስል ዋልኩ። ከቀትር በኋላ ሞተሩ ቀጥ አለ። የነዳጁ ቱቦ ተቀዷል። ካፒቴኑ ከመቀመጫ ሥር የካላማዳሪያ ቁራጭ አወጣ፣ በጥርሱ ስቦ ቱቦው ላይ ጠመጠመና አሰረው። ሁለት ጊዜ አፈሰሰ፣ በሦስተኛው ያዘ። ምሳ ተብሎ የመጣው ሎብስተር ለ4 ሰው አንድ፣ ያውም መዳፌን የማይሞላ።

በዓመቱ ዋናውን ያዝኩ። 70 ዶላር ከፈልኩ፤ ምሳው፣ ውሃው፣ መነጽሩ ሁሉ በዚያው ውስጥ ነው። ታክሲውን ከሰው ጋር ተጋርተን 10 ደረሰኝ። ድምሩ 80። ልዩነቱ 25 ዶላር ነው፤ በዚያች 25 ዶላር ከሳሉ ተረፍኩ።

ቀኑም ሙሉ ቀን ነው። ጠዋት የአሸዋ ደለል ላይ ታርፋላችሁ፣ ትዋኛላችሁ። ቀጥሎ የማንግሮቭ ዛፍ የከበበው ጸጥ ያለ ውሃ አለ። ምሳ ክዋሌ ደሴት ላይ ነው። እዚያ ወድቆ እንኳ የሚለመልም አሮጌ ባኦባብ አለ፤ ሰው ሁሉ ግንዱ ላይ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል። ምግቡ ከሰል ላይ ይጠበሳል፦ ዓሣ፣ ሎብስተር፣ ኦክቶፐስ፣ በኮኮናት የበሰለ ሩዝ፣ ኮምጠጥ ያለ የሁመር ስጎ። ከዚያ ፍራፍሬ፣ በመጨረሻ ዝንጅብል ያለበት ቡና። (ቡናውን ከእኛ ጋር አታወዳድሩት። ጠጡት ብቻ።) ሲመለሱ ንፋስ ካለ ሞተሩን አጥፍተው ሸራውን ይዘረጋሉ። የሚሰማው የገመዱ ሲጥሲጥታ ብቻ ነው።

ናኩፔንዳስ? ባሕር መሃል ያለ የአሸዋ ደለል ነው። ቃሉ በስዋሂሊ «እወድሃለሁ»ም «እወድሻለሁ»ም ነው፤ ቋንቋው ጾታ አይለይምና ለሙሽሮች ይመቻል። ከስቶን ታውን ቅርብ ነው። የሚያስቸግረው ግን ባሕሩ ሲሞላ አሸዋው መዋጡ ነው። ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚጎድል ጠይቁ። ከእሱ ጋር የሚሸጠው ቻንጉ ደሴት ነው። እስር ቤት ተብሎ ተሠራ፣ እስረኛ ግን አልገባበትም፤ ለበሽታ ማቆያ ነው የዋለው። በ1919 ከሲሼልስ 4 ግዙፍ ኤሊዎች በስጦታ መጡ፤ ዛሬ ብዙ ናቸው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እሱ ይሻላል፤ ልጆች ኤሊውን ቅጠል ሲያበሉ ሰዓቱን ይረሱታል። ርካሽ ነው ብላችሁ ግን አትሂዱ። ለሁለት ሆነን ጀልባውን በ40 ተከራየን፤ የኤሊው መግቢያ፣ የአሸዋው ላይ ምሳ ሲደመር ለአንዳችን 50 ነካ። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ የሸንኮራ ጭማቂና ኡሮጆ የሚባለውን ኮምጣጣ ሾርባ መጠጣት ግን አይቅርባችሁ፤ ኪስ አይጎዳም።

44 ዶላሩን ከዚህ ሁሉ ለይታችሁ ያዙ። ከጥቅምት 2024 ወዲህ የደሴቲቱን የመንገደኛ ኢንሹራንስ ሳይገዙ መግባት የለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናባቸው ነው። የትንሣኤ ማግስት ሙሽሮች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል።

ሰዓቱ አያስቸግራችሁም። ስዋሂሊ የሚቆጥረው እንደኛ ነው፤ «ሳ ታቱ» ካሏችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲነግሯችሁ ግን አረጋግጡ። አንድ ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ቀድሜ ደርሼ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ቁጭ ብያለሁ።

ሎብስተርና ኦክቶፐስ ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድ ከሆነ፣ ጠዋት ጀልባው ላይ ስትወጡ ለአብሳዩ ንገሩት፤ ዓሣ ይጨምርላችኋል። ምሳ ሲቀርብ ከነገራችሁት የሚተርፋችሁ ሩዝ ነው።