የካርቶን ማሸጊያ ማሽን ልትገዙ ነው? «አውቶማቲክ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ ቀብድ እንዳትሰጡ

ባልትና፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ማር እያሸጋችሁ የምትሸጡ ሁሉ፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

በቴሌግራም የካርቶን ማሸጊያ ማሽን ማስታወቂያ ሞልቷል። ቪዲዮው ያምራል። ካርቶኑ ይገባል፣ ከላይና ከታች ፕላስተር ይለጠፍለታል፣ በዚያኛው በኩል ይወጣል። ከሥሩ «ሙሉ አውቶማቲክ፣ ለማንኛውም የካርቶን መጠን» ይላል። እኛ ባልትና ቤት ያለው ማሽንም የተሸጠልን በዚሁ ቃል ነው። የሻጩን ስም አልጠራም፤ እንዲህ የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለምና።

ገበያው ላይ በብዛት ያለው ማሽን የካርቶኑን መጠን አይለይም። ከፍታውን እጀታ እያዞራችሁ ታስተካክላላችሁ፣ የጎን መያዣዎቹንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ያንኑ መጠን ቀኑን ሙሉ ቢያሽግ አይደክመውም፤ ለዚያ ጎበዝ ነው። ሌላ መጠን ሲመጣ ግን ማቆም፣ ማዞር፣ መሞከር፣ እንደገና ማዞር ነው። ሽሮው በአንድ ካርቶን፣ በርበሬው በሌላ፣ ቅመሙ በትንሿ የሚወጣበት ቤት ሠራተኛዋ ስታሽግ ሳይሆን እጀታ ስታዞር ትውላለች።

በራሱ የሚያስተካክል ዓይነትም አለ። መግቢያው ላይ ካርቶኑን የሚለይ ሴንሰር አለው፤ ፕላስተር የሚለጥፈው የላይኛው ጭንቅላት ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዋጋው ግን አይቀመስም። ብዙዎቹ በአየር ግፊት ስለሚሠሩ ኮምፕረሰርም ይፈልጋሉ። እኛ የተነገረን ይሄኛው ነው፣ የመጣልን ያኛው።

ካታሎጉን ስታነቡ ጠርጥሩ። «ስፋት ከ180 እስከ 500 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታ ከ150 እስከ 500 ሚሊ ሜትር» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ ማለት እጀታውን ከዚህ እስከዚያ ማዞር ይቻላል ማለት ነው፤ ማሽኑ ራሱ ያስተካክላል አይልም። «በደቂቃ 20 ሜትር» የሚለውም ካርቶኑን የሚጎትተው ቀበቶ ፍጥነት ነው። የካርቶኑን አራት ክንፎች አጥፎ የሚያስገባው ሰው ነው፣ እሱን ማን ያፈጥነዋል?

ከፍታው ትንሽ ሲዛነፍ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ፕላስተሩን የሚለጥፈው ጭንቅላት ሁለት ሮለር አለው፣ በመሃላቸው ምላጭ። የፊተኛው ሮለር ፕላስተሩን ካርቶኑ ግንባር ላይ ያስነክሰዋል። ካርቶኑ ሲያልፍ ምላጩ ይቆርጣል፣ የኋለኛው ሮለር ጫፉን ወደ ታች ይደመድመዋል። ሁሉም የሚሠራው በሞላ (በስፕሪንግ) ነው። ጭንቅላቱ ከፍ ካለ ፕላስተሩ ይቀመጣል እንጂ አይጫንም፤ መጋዘን ውስጥ አድሮ ጠዋት ጫፉ ተነስቶ ታገኙታላችሁ። ዝቅ ካለ ደግሞ ካርቶኑ ይጨማደዳል ወይም ይቀረቀራል። በደንብ ያልተሞላ ካርቶንም ጣጣ ነው፤ ክዳኑ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ሮለሩ የሚደገፍበት ያጣል።

ሻጩ ሱቁ ውስጥ ሲያሳያችሁ አንድ ካርቶን ደጋግሞ ነው የሚያሳልፈው። አዲስ፣ ጠንካራ፣ ከማሽኑ ጋር አስቀድሞ የተስተካከለ። የራሳችሁን ካርቶኖች ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃው ውስጡ ይኑር፣ መጠናቸው ይለያይ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ እንደገና ትልቅ እያደረጋችሁ ተከታትለው ይግቡ። እጀታውን ማንም እንዳይነካ። «አሁን መብራት የለም»፣ «ቴክኒሻኑ ወጥቷል» ከተባለ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ ማሽኑ አይሄድባችሁም።

ፕላስተሩንም እናንተ አምጡ። የተለመደው 48 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 76 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ጥቅል ነው፤ ማሽኑ ይህን መቀበሉን አረጋግጡ። የታሸገውን ካርቶን ትንሽ አቆዩትና ፕላስተሩን ላጡት። የካርቶኑን ወረቀት ይዞ ከተነሳ ጥሩ ይዟል። ንጹሕ ሆኖ ከተላጠ አልያዘም። ከአሮጌ ወረቀት ዳግም የተሠራ ካርቶን ላይ ርካሽ ፕላስተር ብዙ ጊዜ አይይዝም። የባልትና ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጠላት አለን፦ የበርበሬና የሽሮ ብናኝ። ካርቶኑ ላይ አርፎ ከሆነ ፕላስተሩ የሚይዘው ዱቄቱን ነው። በዚህ እንኳ ማሽኑ አይወቀስም፤ ከማሸጉ በፊት በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው።

ሕጉ ያስጥለናል የምትሉ ካላችሁ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ለማምረቻ የገዛ እዚያ ውስጥ የለም። የሚቀራችሁ ውላችሁና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ሻጩ ያቀረበው ዕቃ ከውሉ ጋር እንዲስማማ ያስገድደዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ «አውቶማቲክ» የምትለዋ ቃል አትበቃም። «መጠናቸው የተለያየ ካርቶኖችን ያለ እጅ ማስተካከያ በተከታታይ ያሽጋል» ተብሎ ይጻፍ፣ የካርቶኖቻችሁም ልክ ይዘርዘር። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካቅማማ መልሳችሁን አገኛችሁ። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ የተጻፈ ገንዘብ ደግሞ፣ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ይቀልጣል።

በእጅ የሚስተካከለውን አትግዙ እያልኩ አይደለም። በዋጋው ከተሸጠና የካርቶን ዓይነታችሁ ሁለት ሦስት ከሆነ ይበቃችኋል። ጠዋት ትልቁን፣ ከሰዓት ትንሹን ማሸግ ነው። ከዚያ የተሻለም አለ። እነዚህ ማሽኖች ከትንሹ ልክ እስካላነሰ ድረስ ለርዝመት ግድ የላቸውም፤ የሚስተካከለው ስፋትና ከፍታው ብቻ ነው። ካርቶን አምራቹን «ስፋቱና ከፍታው አንድ ይሁን፣ ርዝመቱ ይለያይ» ብላችሁ እዘዙ። እኛ አሁን የምናሳትመው እንደዚያ ነው፤ እጀታው ከተነካ ቆይቷል።

ገዝታችሁ ገና ቀሪ ክፍያ ያለባችሁ፣ ማሽኑን ዛሬውኑ በራሳችሁ ካርቶን ፈትኑት። የማይሠራውን በቪዲዮ ያዙ፣ ለሻጩም በጽሑፍ አስታውቁና የደረሰበትን ማስረጃ አስቀምጡ። ስልክ ደውሎ መጨቃጨቅ ማስረጃ አይሆናችሁም።