ባሕር ዳር ላይ የመንገድ ክሌም የሚያዘጋጀው ቢሮ፦ ሠርተንበት ያየሁት

ፖሊ ግቢ አካባቢ ለመንገድ ተቋራጮች ክሌም፣ ማለትም ተቋራጩ ከአሠሪው ተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅበትን ሰነድ፣ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ቢሮ አለ። ባለቤቱ በተጠሪ መሐንዲስነት፣ ማለትም ሳይት ላይ ሥራውን በመቆጣጠር፣ ብዙ አስፋልት አሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ድርጅታችን ፎገራ ሜዳ ላይ ለሚሠራው የመንግሥት መንገድ ከእሳቸው ጋር ተዋውሎ ነበር፤ የቢሮ መሐንዲስ ስለሆንኩ ሰነዱ ሁሉ በእኔ እጅ አልፏል። ተቋራጭ የሆነ ሁሉ ይሂድ እላለሁ፣ ግን ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ችግሩ ሲጀምር።

የእኛ ጉዳይ እንዲህ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት የሩዝ ማሳ ካሣ ሳይከፈል ቆየ። ገበሬው ካሣውን ሳይቀበል ማሽን አላስገባም አለ፤ መብቱ ነው። ግሬደርና ሮለር ቆመው ሳለ ክረምቱ ገባ፣ ርብ ወንዝ ሞላ፣ ጥቁሩ አፈር ሲኖትራክ አልሸከም አለ። አለቆቻችን ወሰን ማስከበሩም (ካሣ ከፍሎ መሬቱን ነፃ የማድረጉ መዘግየት) ዝናቡም በአንድ ደብዳቤ ይጠየቅ ብለው ነበር።

የቢሮው ባለቤት መጀመሪያ ሁለቱን ለያዩዋቸው። ውላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቀዩ ፊዲክ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን የግንባታ ውል ቅጽ፣ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚያ ውል አሠሪው ሳይቱን በወቅቱ ካላስረከበ በንዑስ አንቀጽ 2.1 መሠረት ተቋራጩ ጊዜም፣ ወጪም፣ ተገቢ ትርፍም ይጠይቃል። ዝናብ ግን በ8.4 የሚያስገኘው ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ከወትሮው በእጅጉ የከፋ ከሆነ። «ፎገራ ላይ ሐምሌ እንደሚዘንብ ዋጋ ስትሞሉ ታውቁ ነበር» አሉን። የብዙ ዓመት የሜትሮሎጂ መዝገብ አስመጥተው ከሳይታችን መለኪያ ጋር ወር በወር አስተያዩት። የነሐሴው ብቻ ተረፈ፤ የሐምሌውን ራሳቸው ሰረዙት። ሥራ አስኪያጃችን ተቆጡ። እኔ ግን ቢሮውን ያመንኩት ያኔ ነው፤ አማካሪው፣ ማለትም በአሠሪው ተቀጥሮ ሥራውን የሚቆጣጠረውና ክሌሙን የሚመረምረው ድርጅት፣ አንዱን ጥያቄ ውሸት ሆኖ ካገኘው ሌላውንም በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

በገንዘቡም እንደዚሁ ጥብቅ ናቸው። የቆሙትን የራሳችንን ማሽኖች በገበያ ኪራይ ዋጋ እንድናሰላ አልፈቀዱም። ውሉ ወጪ የሚለው በእርግጥ የወጣውን ስለሆነ እርጅና ቅናሹን፣ የኦፕሬተሩን ደመወዝና የጥበቃውን ወጪ ከደረሰኝና ከፔሮል ላይ አወጡ።

ከሁሉ የጠቀመን የቀኑ ሠንጠረዥ ነው። በ20.1 መሠረት ተቋራጩ ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል፤ ዝርዝሩን ደግሞ በ42 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት። ፎርማናችን የሳይት ዲያሪ የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ደብዳቤ የሚወጣው በፈረንጅ። ነሐሴ መጨረሻ የተከሰተ ነገር እስከ መስከረም ሲቆጠር ጳጉሜ መሐል ትገባለች፤ እሷን የዘለለ ሰው ቀኑ ያልፍበታል። ቢሮው ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የእያንዳንዱን ማስታወቂያ ማብቂያ ቀን ለይቶ ሰጠን። ሰዓቱንም አልተዉትም፤ ዲያሪው ላይ «ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሥራ ቆመ» የሚለው ለውጭ አገር አንባቢ ጠዋት ይመስለዋል።

የትኛው ማሽን በየትኛው ኪሎ ሜትር እንደቆመም በየሳምንቱ የአማካሪው ኢንስፔክተር እንዲፈርምበት አደረጉ። ተጠያቂው ማን እንደሆነ ባይስማማም ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ብቻ ይፈርማል። ይህን ፎርም አሁን በሁሉም ሳይቶቻችን እንጠቀምበታለን።

አማካሪው የወሰን ማስከበሩን አብዛኛውን ቀን ተቀበለ፣ የነሐሴውም ዝናብ ጊዜ ተሰጠበት። ገንዘቡ ላይ ግን ስላልተስማማን ጉዳዩ ወደ አለመግባባት ፈቺው ቦርድ እየሄደ ነው። ቦርዱ ከቀረበለት በኋላ በ84 ቀን ይወስናል፤ ውሳኔውን የተቃወመ ወገን በ28 ቀን ካላሳወቀ ያ የመጨረሻ ይሆናል። ቢሮው የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው፤ የሕግ ባለሙያ የለውም። የአስተዳደር ውል ክርክር ወደ ግልግል ዳኝነት መሄድ ይችላል ወይ የሚለው፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም የሚያነሳው ጉዳይ፣ ጠበቃ ይፈልጋል። እኛ ለብቻው ቀጠርን፣ ወጪው ድርብ ሆነ።

ክፍያቸው ከተገኘው ገንዘብ በመቶኛ አይደለም፤ ሰነድ ሲረከቡ፣ ክሌሙ ሲገባና መልስ ሲመጣ በሦስት ይከፈላል። ይህን ወድጄዋለሁ፣ ቁጥር ለማሳበጥ ምክንያት የላቸውምና። ለአነስተኛ ተቋራጭ ግን የመጀመሪያው ክፍያ ከባድ ነው፣ ቢያስቡበት መልካም ነበር።

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሰኔ ላይ፣ ተቋራጭ ሁሉ እዚያ ስለሚሰለፍ ሰው ለማግኘት ያስቸግራል። ሌላ ጊዜ ሂዱ፤ ስትሄዱም ውሉን ከነልዩ ሁኔታዎቹ፣ የጸደቀውን የሥራ ፕሮግራምና ዲያሪውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያዙ። ፎቶኮፒ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ዋናውን አምጣ ብለው ሲመልሱት አይቻለሁ።