አዳማ ውስጥ የፋይበር ባለሙያ ለምትፈልጉ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው፤ ሥራ ያላችሁም እንድታውቋቸው።

እኔና ወንድሜ ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን እየገጣጠምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በኪት፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ እንዲገጣጥመው ክፍል በክፍል ተነጣጥሎ፣ ከውጭ የመጣ ነው። የገላው ሁለት ግማሾች፣ ክንፎቹና ጅራቱ በፋይበር ግላስ ተሠርተው ይመጣሉ፤ አስተካክሎ ማጣበቁ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ሰሞኑን ትልልቆቹ ክፍሎች ተጣብቀው አለቁ። በዚህ የረዱን ባለሙያ ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ፣ ረዳቶቻቸው እንደሚጠሯቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ጋራዥ አላቸው። የሚኒባስ ፓራውልት፣ የአይሱዙ ፓራፋንጎ፣ የባጃጅ ጣሪያ ይሠራሉ። አውሮፕላን ነክተው አያውቁም፤ ይህንንም ገና ስንገናኝ ነው የነገሩን። ከሳቸው በፊት ያናገርናቸው ሰዎች «ቀላል ነው፣ ቶሎ እንጨርስላችኋለን» ነበር መልሳቸው። ጋሼ ግን መጀመሪያ መመሪያውን ጠየቁ። ወንድሜ ከእንግሊዝኛ እየመለሰ ገጽ በገጽ አነበበላቸው። ያልገባቸው ቦታ ላይ ያስቆሙታል፣ ያስደግሙታል።

ያመንኳቸው ግን በሙጫው ነው። ጋራዥ ውስጥ ለመኪና ሥራ በብዛት የሚውለው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ላይ ማድረቂያውን በመጠኑ ጨመር ካደረጉ ይፈጥናል፣ ቀነስ ካደረጉ ይዘገያል። አውሮፕላኑ የሚጣበቅበት ሙጫ፣ ኢፖክሲ፣ ግን እንዲህ አይደለም። መጠኑ የተወሰነ ነው፤ ማድረቂያው ቢበዛም ቢያንስም በደንብ ሳይጠነክር ይቀራል። ዕድሜ ልኩን በግምት ሲቀላቅል የኖረ እጅ ይህን መቀበል ይከብደዋል። ጋሼ በማግስቱ ዲጂታል ሚዛን ይዘው መጡ። ከየኩባያው ትንሽ ናሙና በካርቶን ላይ ያስቀራሉ፣ ቀንና ሰዓት ይጽፉበታል። ናሙናው ካልጠነከረ በዚያ ሙጫ የተጣበቀውም አይታመንም። እስካሁን ሁሉም ጠንክረዋል።

ልኬቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ኢፖክሲ አንዴ ከደረቀ ቀልጦ አይመለስም፤ ተጣሞ የተጣበቀ ክንፍ መፍትሔው መጋዝ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክንፍ ሥሩ ላይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ወደ ኋላ ቢዞር ጫፉ ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ትንሽ ቀና ብሎ ከተጣበቀ ደግሞ አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን መጋደም ይፈልጋል። አብራሪው በረረ በተባለ ቁጥር ሲታገለው ይኖራል።

ጋሼ ለዚህ የተጠቀሙት ግንበኛ የሚጠቀምበትን ነው፦ ቱንቢ፣ ሲባጎ፣ ውሃ የተሞላ ቀጭን ቱቦ። መጀመሪያ ገላውን በቁመትም በጎንም ውሃ ልክ አደረጉት። ከአፍንጫውና ከጅራቱ ቱንቢ ጥለው ወለሉ ላይ የመሐል መስመር አሰመሩ። ከዚያ ከግራ ክንፍ ጫፍ እስከ ጅራት፣ ከቀኝ ክንፍ ጫፍ እስከ ጅራት ለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ክንፉ ዞሯል ማለት ነው። መመሪያው የሚፈቅደው ልዩነት ውስጥ ከገባን በኋላም ድጋፉን ፈትተው እንደገና ያስተካክሉ ነበር። «ዜሮ ማድረግ እየቻልን ለምን ሁለት ሚሊ እንተዋለን?» ይላሉ። ጧት የለኩትን ከሰዓት ይደግሙታል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ነገር ሊነቃነቅ ይችላል ብለው።

የማጣበቁ ዕለት ችግር የሚሆነው ሙቀትና አቧራ ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉበት አገር ነው። (የተርባይኖቹም ክንፍ ሁለት የፋይበር ቅርፊት ተጣብቆ የሚሠራ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ሌላ ነበር።) ዋዜማውን ወለሉን ውሃ አርከፈከፉ፣ በሮቹን በላስቲክ ሸፈኑ። የሚጣበቀው ፊት ብልጭታው እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ተፈተገ፣ በአሴቶን ተወለወለ፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ መንካት ክልክል። ሥራው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ኢፖክሲ የሚሰጠው የሥራ ጊዜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ኩባያ ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ ደግሞ ራሱን በራሱ ያግላል። ስለዚህ እንደተቀላቀለ ሰፊ ትሪ ላይ ይዘረጉታል።

ሥራውን ነጥቀው እንዳልሠሩልንም ልናገር። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ አውሮፕላን በአማተር ሥራ እንዲመዘገብ አብዛኛውን ሥራ ለመማር ወይም ለመዝናናት ብሎ የሚሠራ ሰው ራሱ መሥራት አለበት። ጋሼም ብሩሹን ለኛ ሰጥተው ከጎናችን ቆሙ። እጃችንን ይዘው አሳዩን። ሲደርቅ በአንድ ብር ሳንቲም መጋጠሚያውን ከዳር እስከ ዳር መታ መታ ያደርጋሉ። ድምፁ ጥርት ካለ ተጣብቋል፤ ከደነዘዘ ውስጡ ክፍተት አለ። አሁን ወንድሜም እኔም በጆሯችን እንለያለን።

አውሮፕላኑ ገና አልበረረም። ሞተሩ ይቀራል፣ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድም ከመሬት አይነሳም። ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ለረዳቶችዎም እንዲሁ።

የመኪና አካል፣ የጀልባ ጥገና፣ የውሃ ታንከር፣ ማንኛውም የፋይበር ሥራ ያላችሁ ወደሳቸው ሂዱ። ዋጋቸው ከሌላው ከፍ ይላል፣ ቀጠሯቸውም ይረዝማል፤ ይገባቸዋል። ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እልካለሁ። ስትደውሉ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ጧት ሥራ ላይ ስለሆኑ ስልክ አያነሱም።