አሳቲግ ደሴት ልትሄዱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ደውሉ

እናቴን አሳቲግ፣ አሜሪካ ውስጥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዳርቻ ያለው የዱር ፈረሶች ደሴት፣ ወስጄ ባሕር ላሳያት ብዬ ስለፋ ይኸው ሁለት ዓመቴ። ጉልበቷን ያማታል፣ አሸዋ ላይ መራመድ የማይታሰብ ነው።

አምና አንድ አስጎብኚ "የዱር ፈረሶቹ ድረስ አደርሳችኋለሁ" ብሎ ገንዘባችንን ተቀበለ። መኪና ማቆሚያው ላይ አራገፈንና "አሸዋው የኔ ሥራ አይደለም" አለ። እማዬ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ዋለች። በኋላ ስንደውልለት ስልኩን አያነሳም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ራሴ ላቅደው አልኩና በሜሪላንድ በኩል፣ ድልድዩ ሳይደርስ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ እግዜር ይስጣት! ደሴቱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚረዝም፣ የሜሪላንዱና የቨርጂኒያው መግቢያ በውስጥ በመኪና እንደማይገናኙ ነገረችኝ። ጂፒኤሱ ወደ የትኛው መግቢያ እንደሚወስዳቸው ሳያዩ የሚነዱ ብዙ ናቸው መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። ትንኙ በበጋ ስለሚብስ መስከረም ላይ ኑ አለችን። ስለ እናቴ ጉልበት ስነግራት ደግሞ ትልልቅ ጎማ ያለው፣ አሸዋ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር እንዳላቸው አጫወተችኝ። ያለ ክፍያ!

ከሲልቨር ስፕሪንግ በሌሊት ተነስተን ሦስት ሰዓት ገደማ ነዳን። ሴትዮዋ ወንበሩን አዘጋጅታ ጠበቀችን። እማዬን ስናስቀምጣት የነጠላዋ ጫፍ ጎማው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኛ አላየነውም። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሰብስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። እማዬ እጇን ይዛ መረቀቻት፤ እኔም እየሳቅኩ አስተረጎምኩ።

እማዬ ፈረሶቹን ስታይ "ባለቤታቸው ማነው?" አለች። እዚህ ያሉትን የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያስተዳድራቸዋል፣ በቨርጂኒያ በኩል ያሉት ግን የበጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ሠራተኞች ንብረት ናቸው አሏት። ሳቋ አላቆመም። ድፎ ዳቦ ቆርሼ ልስጣቸው ብላ ተከራከረች፤ ክልክል ነው፣ ይነክሳሉም። ቢያንስ 12 ሜትር ራቁ፣ ምግባችሁንም መኪና ውስጥ ቆልፉ።

እናት አባት ያላችሁ፣ ሂዱ! እዛው ማዕከል ደውላችሁ ጠይቁ፣ ይረዷችኋል። ወንበሩ በዕለቱ መኖሩን ግን ቀድማችሁ አረጋግጡ። እማዬ በሚቀጥለው ለሴትዮዋ የራሷን ድፎ ዳቦ ልጋግር እያለች ነው።