እንቁላሉን ከጣባው አውጡልኝ

ረቡዕና ዓርብ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ፣ ለእንቁላል ወዳጅ ሳምንቱ ሙሉ የቁርስ ቀን ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በሯ ላይ «ቁርስ ቤት» ከሚል ጽሑፍ በቀር ስም ያልለጠፈች ጠባብ ቤት አለች። እንቁላል ፍርፍሯ ሲወደስ ሰምቼ ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ውዳሴው ይገባዋል፤ አቀራረቡ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ።

አስቀድሜ አመሌን ልናገር። ፍርፍር ከእሳት መውረድ ያለበት ገና እርጥብ ሳለ፣ «ትንሽ ቀረው» በሚያሰኝበት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቁርስ ቤቶች ግን እሳቱ ላይ ያቆዩትና እንደ ቆሎ ሊያስቆረጥሙን ይደርሳሉ። አልፈርድባቸውም፤ «ጥሬ ነው» ብሎ የሚመልስ ደንበኛ ከእኔ ዓይነቱ ይበዛል። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ባለበት ገበታም በደንብ የበሰለው ይሻላል። ለቀረነው ግን ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነጩ በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ አስኳሉ ደግሞ ከ65 ከፍ ሲል መርጋት ይጀምራል። ሙቀቱ ከዚያ ብዙ ካለፈ እንቁላሉ እየተኮማተረ የያዘውን ውሃ ይተፋል። ሰሃን ሥር የሚያቁረው ውሃ ሁልጊዜ የቲማቲም ጥፋት አይደለም።

የዚህች ቤት ወጥ ሠሪ ይህን ሁሉ በእጇ ታውቀዋለች። ምድጃዋ ከመስኮት ጀርባ ስለሆነ ሥራዋ ይታያል። ሽንኩርቱን በዘይት ታለሰልሳለች እንጂ አታጠቁረውም። ቲማቲሙ ውሃውን ጨርሶ ዘይቱ ብቅ እስኪል እንቁላሉን አታስገባም። በሹካ ጥቂት ብቻ የመታችውን እንቁላል ታፈስና፣ ለአፍታ እጇን ሰብስባ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ከዳር ወደ መሐል ሰብሰብ፣ ሰብሰብ። ቃሪያው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥርስ ሥር ቀጭ ይላል፣ ሽታውም አይጠፋም። አንዲት ጠብታ ንጥር ቅቤ ጣል አድርጋ ታወርደዋለች። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም።

ከዚያ ያን የመሰለ ፍርፍር እሳት ላይ የከረመ የሸክላ ጣባ ውስጥ ይገለብጡታል! እየተንጣጣ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ዓይን ይማርካል። የመጀመሪያው ጉርሻ ለስላሳ፣ ቅቤና ቃሪያ የሚሸት ነበር። ዳቦዬን ቆርሼ፣ ሻዬን አማስዬ ስመለስ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል፤ ሥሩ ከጣባው ጋር ተጣብቋል። ጣባው ማብሰሉን አላቆመም። ሽሮ ተንተክትኮ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ እንቁላል ግን እንዲህ ያለውን ክብር አይፈልግም።

በሌላ ቀን አስተናጋጇን በሰሃን እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት።

«በሰሃን ቶሎ ይቀዘቅዝብዎታል፣ ጋሼ።»

«ይቀዝቅዝ፣ የኔ ልጅ።»

ወጥ ሠሪዋ ከውስጥ ሰምታ፣ «እንዳሉት አድርጊላቸው» አለች እየሳቀች። የመጣው ፍርፍር እስከ መጨረሻው ጉርሻ ሳይደርቅ ቆየ። በዚህ ከተማ ከቀመስኳቸው ሁሉ ከፊት የማሰልፈው ነው።

ሌላውን በአጭሩ ልጨርስ። የሚጠቀሙት የፈረንጅ እንቁላል ስለሆነ መልኩ ፈዘዝ ይላል፤ ተጨማሪ ለሚከፍል የሐበሻ እንቁላል ቢኖራቸው ባልጠላሁ። «ስፔሻል» የሚሉትን አልመክርም፤ ሥጋውና አይቡ ተደራርበው እንቁላሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ዳቦው ትኩስ ነው፣ ሻዩ ቅርንፉድ በዝቶበታል፣ ዋጋው ሰፈሩ ከለመደው አይርቅም።

መሄድ የሚያስብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይድረስ። ከዚያ በኋላ ተማሪው ይጎርፍና ወጥ ሠሪዋ የአራት የአምስት ሰው ትእዛዝ በአንድ ሰፊ መጥበሻ ትሠራለች፤ የመጀመሪያው ሰሃን እስኪቀዳ የመጨረሻው ይደርቃል። በዚያ ሰዓት ፉል እዘዙ።