ከአባይ ማዶ ሆኖ አስቤዛ መሸመት፦ ጉሊት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሸማቾች ወይስ ሱፐርማርኬት?

ባሕር ዳር ውስጥ አስቤዛ የት ይረክሳል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ከምትገዙት ኪሎ ስንቱ ድስት ውስጥ ይገባል? ቤቴ አባይ ማዶ ነው፤ ስድስት ሰው ይበላበታል። ወጪዬን በደብተር እይዛለሁ፣ የኩሽና ሚዛንም አለኝ። ቲማቲም ገዝቼ ስገባ አንዴ እመዝናለሁ፤ የተጨፈለቀውንና የሻገተውን ለይቼ ደግሞ እንደገና እመዝናለሁ። ዋጋ የምለው በሁለተኛው ሚዛን የወጣውን ነው።

በዚህ ስሌት ቲማቲም ከሰፈሬ የጉሊት ሴቶች ይገዛል። ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ቀን በኪሎ እስከ ዐሥር ብር ሊቀንስ ይችላል። እዚያ ግን ቲማቲሙ ከእንጨት ሳጥን እየተገለበጠ ነው የሚሸጠው፤ የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨፍልቆ ውሃውን ጨርሷል፤ ሻጩም ራሱ እያፈሰ ይመዝናል እንጂ አያስመርጥም። ከሦስት ኪሎ ላይ ግማሽ ኪሎ የጣልኩበት ቅዳሜ አለ። መጓጓዣም አለ፦ አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ መሻገሩ ቀሏል፣ የባጃጁ ሂሳብ ግን ዘንቢል ከተያዘ አይቀልም።

ጉሊት ላይ በመደብ ነው። አራት አምስት ፍሬ ከምረው ይደረድራሉ፤ አንስቼ አገላብጬ አያለሁ፤ ለዛሬ ወጥ የበሰለውን፣ ለሦስተኛው ቀን ጠጠር ያለውን እለያለሁ። ለደንበኛ ምርቃት አለ፤ ሁለት ቃሪያ ወይም አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ጣል ይደረግልኛል። መደቡን ቤት ወስጄ ስመዝነው ከቅዳሜ ገበያው ኪሎ ትንሽ ይወደዳል፤ የሚጣል ስለሌለው ግን መጨረሻ ላይ ይረክሳል።

ጎመን ሲሆን ጉሊትን የማምነው እስከ ረፋድ ብቻ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የባሕር ዳር ሙቀት ቅጠል አያስተርፍም። ሻጮቹ ውሃ እየረጩ ያቆዩታል፤ ከላይ ሲያዩት የታደሰ ይመስላል፤ እስሩ የታሰረበት ቦታ ግን ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ስለዚህ እስሩን ገልጬ ግንዱን በጣቴ እነካለሁ። ካሟለጨኝ እተወዋለሁ።

ቀይ ሽንኩርት የቅዳሜ ገበያ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ወደ ከተማችን የሚገባው ሽንኩርት ብዙው የፎገራ ነው። ክረምት ሜዳው ውሃ ይተኛበትና ሩዝ ይበቅልበታል፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ገበሬው የርብንና የጉማራን ወንዞች ውሃ በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርት ይተክላል። ከየካቲት ጀምሮ ሲደርስ በወረታ በኩል የሚመጣው አይሱዙ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ ይሰቀላል። እኔ ሚያዝያ ላይ በጆንያ ገዝቼ ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ እበትነዋለሁ፤ ለሁለት ሦስት ወር ይበቃናል።

መታየት ያለበት አንገቱ ነው። አንገቱ ደርቆ የተጠቀለለ፣ ልጣጩ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ሽንኩርት ይቆያል። ዋጋ ሳይወርድ ገበያ ለማድረስ ተብሎ ሳይበስል የተነቀለው ግን አንገቱ ወፍራምና እርጥብ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። ጆንያውን ከአፉ ብቻ አይቼ አልገዛም፤ ይፈታና ከመሃል ይውጣልኝ እላለሁ። «እታለም፣ ከላይም ከታችም አንድ ነው» የሚለኝ ነጋዴ ፈትቶ ካሳየኝ የጠራውን ዋጋ እከፍለዋለሁ። መፍታት ያልፈለገውን አልፌው እሄዳለሁ።

ድንችም ከዚያው ገበያ ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያለማ በመሆኑ በበጋም አይጠፋም። አፈሩ ያልታጠበውን እመርጣለሁ፤ የታጠበው ያምራል፣ ግን ቶሎ ይበላሻል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም፤ ይመራል፣ ለጤናም አይሆንም።

አሳ ላይ ልቆይ፤ ጣና ዳር ተቀምጦ የደከመ አሳ መብላት ያሳዝነኛል። ጠዋት ሐይቁ ዳር ከጀልባ የሚወርደው ሙሉ ቀረሶ አሳ ከሱፐርማርኬት ፊሌቶ አጠገብ ሲቀመጥ በጣም የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን ጭንቅላቱ፣ ቅርፊቱ፣ አጥንቱና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ንጹህ ሥጋው የሙሉው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ፊሌቶ ለማውጣት ወደ ሦስት ኪሎ አሳ ይፈልጋል። ስለዚህ የሙሉውን ዋጋ በሦስት አባዝቶ ነው ከፊሌቶው ጋር ማነጻጸር። ለጉላሽ ከሆነ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ለጥብስ ግን ሙሉው ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ ጎኑ ተተልትሎ እንዳለ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ሁሉ ተለቅሞ ይበላል።

ትኩስነቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከጀልባ ወረደ ማለት አሁን ሞተ ማለት አይደለም። መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ነው የሚነሣው፤ በምሽት የተያዘው አሳ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ሞቶ አድሯል፤ ንጋት ላይ የገባው ግን ገና ይንፈራገጣል። ሁለቱ ከአንድ መረብ ወጥተው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ እወስደዋለሁ። ዓይኑ ደፍርሶ ወደ ውስጥ የገባውን አልነካም። በረዶ የሌለው ሻጭ ዘንድ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አሳ አልገዛም፤ በሁዳዴ ፈላጊው በዝቶ ዋጋው ሲንርም ይህን ሕግ አልለውጥም።

አምባዛ የሚባለው አሳ ይረክሳል፤ ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ብዙዎች ስለሆኑ ነው። ለሚበላ ሰው ሥጋው ብዙ፣ እሾሁ ጥቂት ነው። ነጭ አሳን ነሐሴና መስከረም ላይ አልገዛም። ያን ጊዜ ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣበት ወቅት ነው፤ ወንዙ አፍ ላይ እንቁላሉን እንደያዘ ይጠመዳል። ከነጭ አሳ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። እንቁላል የሞላው ሆድ ሲቀደድ ማየት ለእኔ ከዋጋውም ከጣዕሙም በላይ ነው።

ወደ ሱፐርማርኬት ስመጣ፣ ካንዱ የገዛሁት የቀዘቀዘ ፊሌቶ ሲቀልጥ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውሃ ሆኖ ወጣ። ሥጋውም ይፈረካከስ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ቀልጦ እንደገና የረጋ አሳ እንዲህ ይሆናል። አትክልቱም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላብ አውጥቶ ነው የሚጠብቀኝ። ፓስታ፣ የታሸገ ወተትና ሳሙና ለመግዛት ግን ደስ እያለኝ እሄዳለሁ፤ ዋጋው ተለጥፏል፣ የሚያበቃበት ቀን ይነበባል፣ ደረሰኝ አለ። ወተት ሳነሣ ከመደርደሪያው ኋላ ነው፤ ቀኑ የራቀው እዚያ ይቀመጣል።

የሸማቾች ሱቅ የዘይትና የስኳር ነው። ዕቃው የገባ ዕለት ከየትም ይረክሳል። ሰልፉ ግን ረጅም ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ግማሽ ቀኑን ሊያጠፋ ይችላል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ወረፋ ካልተያያዘ አያዋጣም።

ቡና ከዘጌ በጀልባ ከሚመጡ ሴቶች ነው የምገዛው። ዘጌ ላይ በቆየው ልማድ መሬቱ አይታረስም፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚቀንስ፣ ሱፐርማርኬት ካለው ተቆልቶ የታሸገ ቡና ጋር ሳወዳድር አንዱን ኪሎ ጥሬ 800 ግራም አድርጌ አስባለሁ። እንደዚያም ሆኖ የሴቶቹ ይረክሳል። ከመመዘኑ በፊት እፍኝ አውጥቼ የጠቆረውንና ነቀዝ የበሳውን እዚያው ሻጯ ፊት ለቅሜ እመልሳለሁ፤ የኔዋ ደንበኛ አትቀየመኝም፣ ራሷም አብራኝ ትለቅማለች።