ሸክላ ወይስ ካሴት፦ ጎንደር ላይ የድሮ ዘፈን መሰብሰብ ለሚጀምር

አዝማሪ ቤት አምሽቶ ያንን ድምፅ ቤቱ ሊያስገባ የሚፈልግ ሰው ሸክላ ለመግዛት ባይቸኩል ይሻላል። መጀመሪያ የሚወሰነው የሚወደው ሙዚቃ ነው፤ የእቃው ምርጫ ከዚያ ይከተላል።

የ1960ዎቹን የአዲስ አበባ ባንዶች፣ ሳክስፎኑን፣ ኦርጋኑንና ቤዙን የምትወዱ ሸክላ ግዙ። እነ አምሃ ሪከርድስና ካይፋ የተባሉት የሙዚቃ አሳታሚዎች ያን ዘመን ያተሙት በአብዛኛው በትንሿ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ በምትዞረው የ45 ዙር ሸክላ ነው፤ ደህና የተያዘች አንዲት ሸክላ የምትሰጠውን የቤዝ ድምፅ ካሴት አይሰጥም። ማሲንቆ ፈላጊ ግን ካሴት ይያዝ። የ45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጽ የሚይዘው አራት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቶ፣ እንግዳውን አይቶ፣ ሰው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ሲያቀብለው አምስት ደቂቃ ገና መሟሟቂያው ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ፊቱ 30 ደቂቃ ስለሚይዝ ጭብጨባውም እልልታውም ሳይቆረጥ ይገባበታል። የጎንደሩ የሙዚቃ ቡድን የፋሲለደስ ኪነት ዘመንም የካሴት ዘመን ነበር።

ሸክላ ስትገዙ ወደ ፀሐይ ብርሃን አውጡና አዘንብላችሁ እዩ። ጭረቱን ጥፍር ካልያዘው ድምፁ ጭርጭር ቢል ነው፤ ጥፍር ከያዘው ግን መርፌው እዚያ ላይ ይዘላል። መስመሮቹ ጥቁረታቸውን አጥተው ግራጫ ከመሰሉ በተበላ መርፌ ታርሰዋል፤ ቢታጠብም አይመለስም፣ ተዉት። አቧራ ብቻ ከሆነ በተጣራ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይለቃል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል፣ አትጠቀሙበት። የ78 ዙር አሮጌ ሸክላ ካጋጠማችሁ አልኮል አይንካው፣ ይሟሟል።

ካሴት ላይ በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ክር ተመልከቱ። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ሻጋታ ነው፤ ቴፓችሁ ውስጥ ካስገባችሁት ክሩን የሚያነበውን ሄድ አበላሽቶ ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይዛመታል። ክሩ በሚታይበት አፍ መሃል ያለችው ትንሽ የጨርቅ ትራስ ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል። ይህ ግን ካሴቱን አያስጥልም፦ ባለ ብሎን ከሆነ በትንሽ ካቻቢቴ አምስቱን ፈትቶ ክሩን ወደ ሌላ ጤነኛ ቀፎ ማዛወር ይቻላል። በጀርባው ጠርዝ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ካልተሰበሩ ደግሞ ኮፒ ሊሆን ይችላል፤ የኦርጂናል ዋጋ አትክፈሉ። የ120 ደቂቃ ክር በጣም ስስ ስለሆነ ይሳባል፣ ይጠመጠማል፤ ባይገዛ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚከስረው ማጫወቻው ላይ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው የሸክላ ማጫወቻ ለ110 ቮልትና ለ60 ሄርዝ (መብራቱ በሰከንድ ለሚመላለስበት ቁጥር) የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ሄርዙን ግን አይነካውም። ሞተሩ በመብራቱ ሄርዝ ልክ የሚዞር ዓይነት ከሆነ እኛ ጋ ያለው 50 ሄርዝ ስለሆነ 45 ዙሩ 37.5 ይሆናል፦ ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴቷ ድምፅ የወንድ ይመስላል። ከጀርባው 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ የሚል ፈልጉ፤ ወይም በአዳፕተር የሚሠራ ዲሲ ሞተር ያለውን ግዙ። መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ላለው ሸክላ የሚሆነው ክብ ማስገቢያ አብሮት መኖሩንም ጠይቁ። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ይሠራል፤ መለዋወጫው ካልተገኘ ማሽኑ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የካሴት ቴፕ ከዚህ አንጻር ቀላል ነው፦ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቺንጋው ነው፣ እሱን ማንኛውም የሬዲዮ ጠጋኝ ይቀይረዋል።

የጎንደር ክረምት ለሁለቱም አይመችም። ከድንጋይ ግድግዳ አርቃችሁ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ እንጂ አትደራርቡ፤ ተደራርቦ የከረመ ሸክላ ይጎብጣል። ካሴቱን በየጥቂት ወሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አጠንጥኑት።

ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ባትሪ ያለው ትንሽ ቴፕና የማያስፈልግ አንድ ካሴት ያዙ። የሻጩ ቴፕ ክር የሚበላ መሆን አለመሆኑ በዚያ ካሴት ይታወቃል፤ ከዚያ የምትገዙትን በሁለቱም ፊት፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን፣ ሰምታችሁ ክፈሉ።